የአጋም ውሃ ብርቅ አፈር

አጋም ውሃ ውስጥ ሰው ቤት ሲገባ እግሩን ያራግፋል። በየበሩ ብሩሽና ጎድጓዳ ሳህን አለ። እንግዳም ይሁን ባለቤት ጫማውን ሳህኑ ላይ አራግፎ፣ ጥፍሩን ፍቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው “ቤቶች!” የሚለው። ሲመሽ የሳህኑ ትቢያ ማሳ ላይ ይገለበጣል። ጭቃ በእጁ ይዞ ወንዝ የወረደ ልጅ አለንጋ ይቀምሳል። ጥሎሽ ሲጣልም ቀሚስና ወርቅ ዐይቶ የሚደነቅ ሰው ድሮ ቀርቷል፤ ያሁኗ ሙሽራ አንድ ጆንያ ጥቁር አፈር ካልመጣላት እናቷ “ልጄን በነጻ ልትወስዷት ነው እንዴ?” ብላ ትነሣለች። ደግሞም እውነቷን ነው።

ክረምት በወጣ ቁጥር ዝናቡ ከዳገቱ አጥቦ ያወረደውን አፈር መንደሩ ደቦ ወጥቶ፣ በጆንያ እየተሸከመ ወደ ላይ ይመልሳል። “አፈር መልስ” ይሉታል። የወረደው ሁሉ አይገኝም፤ እኩሌታውን ወንዝ ወስዶታል። የቀረውን ይመልሳሉ፤ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ይወርዳል። ሞኝነት ነው የሚል ካለ መጥቶ የተሻለውን ያሳያቸው።

ያን ጊዜ አንድ መንደር ቆሞ መቅረቱን ወይም መበተኑን የሚወስነው የአፈር ምደባ ማዕከል ነበር። ማዕከሉ የያንዳንዱን መንደር አፈር መርምሮ ስም ያወጣለታል። “ነባር” ከተባለ ሰዎቹ ይቆያሉ፣ ያርሳሉ። “ጡረተኛ” ከተባለ መሬቱ ብዙ ዘመን አገልግሏልና ምስጋና ይድረሰው ተብሎ ይታጠራል፤ ሰዎቹ ተጭነው ቆላ ወርደው ሰላም ሜዳ የሚባሉት ፎቆች ውስጥ ይገባሉ። “ብርቅ” የሚባል ሦስተኛ ስምም አለ፤ በወረዳው ግን አንድም መንደር እሱን አግኝቶ አያውቅም።

የወረዳው አፈር ቀጂ ይታይሽ ልየው ነበረች። አርባዎቹን የጀመረች፣ ቀጠን ያለች፣ ትዳሯን ፈትታ ወረዳው ከተማ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ሥራዋ ማዕከሉ ባመለከታት ቦታ ጉድጓድ መቆፈር፣ ከየንብርብሩ አፈር ቀድቶ መላክ ነው። ስም የሚያወጣው ማዕከሉ ነው፤ እሷ የምትቀዳው ብቻ ነው። ሰው ግን እንዲህ አይቆጥረውም። ገበያ ላይ ሲያዩአት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ያሳልፏታል።

አምና የዝግባ በርን አፈር ቀዳች፤ ጡረታ ወጣ። ሲጫኑ ቆማ ዐየች። በኋላም ሰላም ሜዳ ወርዳ ጠየቀቻቸው። ሐሰት ለምን ይነገራል፣ ፎቆቹ ጥሩ ናቸው፤ ውሃ አላቸው፣ መብራት አላቸው፣ ራሽን በሰዓቱ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ግን ገና የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ አንድ በአንድ አለቁ። በሽታቸው ምንድን ነው ቢባል ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። ይታይሽ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም።

ዘንድሮ ስልኳ ላይ የመጣው የሥራ ትእዛዝ አጋም ውሃ የሚል ነበር። የተወለደችበት። አባቷ የሚኖሩበት። ማዕከሉ ዘመድ አይቆጥርም።

አባቷ አቶ ልየው ሰማንያን ያለፉ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ ጫማዋን ስታራግፍ ከመደቡ ሳይነሡ ተቀበሏት።

“መጣሽ? ልታስነሺን?”

“አባዬ፣ አፈር ስሆን እንዲህ አይበሉኝ።”

“ታዲያ ምን ልበል? ዝግባ በርን የቀዳው ማነው? አንቺ አይደለሽም?”

“ባልቀዳው ሌላ ሰው ይልካሉ።”

“እሱማ ይልካሉ።” ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። “ስሚኝ ልጄ። እኔ ሰላም ሜዳ አልወርድም። የነሱ ፎቅ ወርቅ ቢነጠፍበት አልወርድም። ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ይህን ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽና ነገርኩሽ።”

ይታይሽ ማዕከሉ ያመለከተውን ቦታ አስቀድማ ዐይታው ነበር፤ የዳገቱ ወገብ ላይ ነው። አፈሩ ቀይ፣ ኮምጣጣ፣ ስስ። አንድ ስንዝር ሳይቆፈር ድንጋይ ይመታል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የቀዳችው ዕለት አባቷን ራሷ ጫነቻቸው ማለት ነው። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሽማግሌው ደግሞ አባብለው አያውቁምና ከመደባቸው ሆነው ዐዩዋት።

በማግሥቱ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ፈንቴን ፈልጋ ሄደች። ጋሽ ፈንቴ ሰውን ጠርተው አውድማው ላይ ሰበሰቡላት። ይታይሽ ሕጉን ጥሳ ያሰበችውን ነገረቻቸው። ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን ቦታ አሁኑኑ ይክፈቱት፤ ሌላ አፈር እየደለደሉ፣ እያጠጡ፣ እየረገጡ ይሙሉት፤ እሷ ወር ያህል ዘግይታ ትቀዳለች። የአፈር መልስ ወቅት ስለሆነ ጆንያ የተሸከመ ሰው በማዕከሉ የሰማይ ካሜራ ቢታይም ማንም አይጠረጥርም።

“ግን አንድ ነገር አለ” አለች። “ማዕከሉ የሚፈርደው በሦስት ምስክር ነው። አንዱ ላቦራቶሪው ነው፤ አፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ ይናገራል። ሁለተኛው አየሩ ነው፤ ዝናቡና ሙቀቱ። ሦስተኛው መልክዓ ምድሩ ነው፤ ዳገቱ፣ ከፍታው። ዳገታችን ቀጥ ያለ፣ ዝናባችን ነጎድጓድ መሆኑን ያውቃሉ። እዚህ ላይ የገነት አፈር ከተገኘ ሦስቱ አይስማሙም። ስለዚህ መካከለኛ አፈር ነው የምንፈልገው። ለነባር የሚበቃ። ከዚያ የበለጠ እንዳይሆን።”

“መካከለኛ ማለት?” አሉ ጋሽ ፈንቴ።

“ከመሃል ማሳ የተዛቀ። የጓሮ አይሁን። የጥሎሽ አይሁን። አመድና ፍግ የተደፋበት አይሁን። ከየቤቱ አንድ ጆንያ፣ እንዲያው ተራ አፈር።”

“ገባን።”

“ጋሽ ፈንቴ፣ በሞቴ፣ ለሁሉም አጥብቀው ይንገሩልኝ።”

“አንቺ ልጅ፣ ገባን አልንሽ እኮ!”

ገብቷቸው ነበር። ችግሩ አለመግባቱ አይደለም። ችግሩ አጋም ውሃ ለጋራ በሚዋጣ ነገር ላይ የቤቱን ተራ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው አለመውለዷ ነው። ለለቅሶ ቤት ምስር ይበቃል ተብሎ ቢታወጅ እንኳ፣ ሥጋ ያልያዘች ሴት ሰው እንዳያያት በጓሮ ዞራ ነው የምትገባው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር አገር ያቆማል፤ አገር ሲያፈርስም ያው እሱ ነው።

የደቦው ዕለት መጀመሪያ የደረሱት ወይዘሮ አንጓች ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱ፣ ልጅ የሌላቸው ሴት። ጆንያቸውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲፈቱት የወጣው አፈር እንደ ኑግ የጠቆረ ነበር። የጥሎሻቸው አፈር ነው። ያን ሁሉ ዓመት አልጋ ሥር አኑረውት፣ ውሃ እየረጩበት፣ ቅጠል እያበሉት ኖረዋል።

“እትዬ አንጓች! ይሄማ…” አለች ይታይሽ።

“ለማን ላስቀምጠው እህቴ? ለመንደሬ ካልሆነ ለማን?” ብለው በመዳፋቸው ድልድል አደረጉት። ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች ያንን ጥቁር አፈር ዐዩ። ከዚያ የየራሳቸውን ጆንያ ዐዩ። አንዱ ጆንያውን እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሌላውም ተከተለው። ሲመለሱ የጓሯቸውን ይዘው ነበር፤ አንዳንዱም ሁለት ጆንያ።

ደቦው ደመቀ። ወንዶቹ እየረገጡ ዘፈኑ፦

“ተሸክመህ ውጣ የወረደውን፣
አፈር ነው የሚያውቀው የወለደውን።”

ይታይሽ መጮህ ነበረባት። ተመለሱ፣ አበላሻችሁት፣ ውሰዱልኝ ማለት ነበረባት። ግን አንዲት ባልቴት ያላትን አንድ ሀብት አምጥታ ስትደፋ “መልሽው” ተብሎ እንዴት ይነገራል? በየትኛው አፍ? በዚያ ላይ አባቷ መጡ። ሁለት ጎረምሳ አሸክመው፣ ራሳቸው በከዘራ እየተመሩ። ሟች ሚስታቸው አርባ ዓመት አመድና ፍግ የደፋችበትን ጓሮ እስከ ድንጋዩ ፍቀው ነው ያመጡት።

“አየሽ?” አሏት። ዝግባ በር ከተቀዳ ወዲህ ፈገግ ብለው ሲያዩዋት የመጀመሪያው ነው።

“አየሁ አባዬ” አለች። እንዲያ ካዩኝ ይብቃኝ አለች በልቧ። ደግሞም ሲደባለቅ ይሳሳል፣ ሲረገጥ ይደክማል ብላ ራሷን አታለለች። አልሳሳም። አልደከመም።

ወሩ አለፈ። ቆፈረች፣ ቀዳች፣ ላከች። ውጤቱ የመጣ ዕለት ጋሽ ፈንቴ መንደሩን ሁሉ አውድማው ላይ ሰብስበው፣ እሷ ከስልኳ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

“ቦታ፦ አጋም ውሃ። ተዳፋት፦ እጅግ ቀጥ ያለ። ዝናብ፦ ባጭር ጊዜ የሚወርድ፣ ኃይለኛ፣ አጣቢ። የአፈሩ ቀለም፦ ጥቁር። ኮምጣጣነት፦ የለም። ፎስፈረስ፦ ከፍተኛ። ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች፦ ሊቆጠሩ የማይችሉ። የላቦራቶሪው ውጤት ከአየር ንብረቱና ከመልክዓ ምድሩ ጋር አይስማማም። ናሙናው በድጋሚ ተመርምሮ ስሕተት አልተገኘም። ማጠቃለያ፦ በዚህ ዳገትና በዚህ ዝናብ ሳይታጠብ የኖረ፣ እስካሁን የማይታወቅ የአፈር ዓይነት ነው። የዓይነቱ ስም፦ አጋም ውሃ። ምድብ፦ ብርቅ።”

ጡረታ አለመባሉን የሰማ ሁሉ እልል አለ። መንደራችን በአገሩ ሁሉ በስም ተጠራ ብለው ወይዘሮ አንጓች መሬት ሳሙ። አቶ ልየው ከዘራቸውን ሽቅብ አነሡ። የመጨረሻውን መስመር ግን ይታይሽ አላነበበችላቸውም። “ብርቅ አፈር የአገር ሀብት ነው፤ ከነአካባቢው ተነሥቶ ወደ ማዕከላዊ ማሳ ይዛወራል” ይላል።

የዚያኑ ዕለት ሞተሯን አስነሥታ ወደ ማዕከሉ ቅርንጫፍ በረረች። የተቀበላት ኃላፊ ኤልሻዳይ ይባላል። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ውሃ አቀረበላት። ይታይሽ አልጠጣችም፤ የሠሩትን ሁሉ ከሥር እስከ ጫፍ ዘረገፈችለት። አፈሩ የመንደሩ የጓሮ ጥርጊያ መሆኑን፣ ብርቅ የሚባል ነገር አጋም ውሃ ውስጥ አለመኖሩን ነገረችው። እሱ እስክትጨርስ ጠበቃት።

“ወይዘሮ ይታይሽ፣ ይህን ሰማሁ ልበል አልሰማሁም?” አላት።

“እንዴት ማለት?”

“ሰማሁ ካልኩ ናሙናው ሐሰት ነው። ትክክለኛው አፈር ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። መንደሩ ነገ ጡረታ ይወጣል፣ ሰዎቹ ሰላም ሜዳ ይገባሉ። አልሰማሁም ካልኩ አፈሩ ይነሣል፣ ሰዎቹ ይቆያሉ። ባለ ብርቅ አፈር መንደር ሰው አይነሣበትም፤ ደንብ ነው። ባለሀብት ናቸውና።”

“የምን ሀብት? አፈሩን ወስዳችሁት?”

“ስሙ ይቀርላቸዋል።”

እያሾፈ መስሏት ቀና ብላ ዐየችው። አላሾፈም። ይህን መሰል ነገር በቀን ስንቴ እንደሚናገር ፊቱ ላይ ያስታውቃል። “እኔ የትኛውንም ብጽፍ ደመወዜ ያው ነው” አላት ቀስ ብሎ። “እርስዎ ይምረጡ።”

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አባቷ ጋ ደወለች። ሁለቱንም መንገድ ነገረቻቸው፤ አንዳች ሳትደብቅ።

“እንቆያለን” አሉ ወዲያው።

“አባዬ፣ አፈሩን እስከ ድንጋዩ ያነሡታል እያልኩዎት ነው። ምን ትበላላችሁ?”

“ምን እንበላለን ብዬ ጠየቅሁሽ?”

“አባዬ በማርያም ይስሙኝ…”

“ከድንጋዩ ጋር እንቆያለን። ድንጋዩም የአባቴ ነው። ሰውም እዚሁ ነው ያለው፣ ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለው።” ከጀርባቸው የሰው ድምፅ ተሰማት። አዎ፣ እንቆያለን ይላል። ማንም ደግሞ በሌላው ፊት “እኔ ልውረድ” ብሎ የሚደፍር እንደሌለ ይታይሽ አሳምራ ታውቃለች።

ተመልሳ ገባች። “እርስዎ ምንም አልሰሙም” አለችው።

“አመሰግናለሁ” አለ ኤልሻዳይ። ከልቡ ነበር።

ማሽኖቹ መጡ። ሠራተኞቹ ትሑቶች ነበሩ፤ ሽማግሌ ሲያገኙ ቆብ ያወልቃሉ። ዳገቱን ላጡት፣ ማሳውን ላጡት፣ ጓሮውን ላጡት። በየበሩ ያለውን ሳህን እንኳ “ይፍቀዱልን” ብለው ገለበጡት። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አልነኩም፤ ሙታንን እናከብራለን ብለው ዙሪያውን አጠሩት፣ መቆፈር ክልክል ነው ብለው ለጠፉበት። ሲሄዱ አጋም ውሃ እንደታጠበ አጥንት ነጣ። መግቢያው ላይ “የአጋም ውሃ ብርቅ አፈር መገኛ” የሚል የሚያምር ሰሌዳ ተከሉላቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ራሽን ቢጠየቅ ባለሀብት ናችሁ ተባሉ። በሬዎቹ ተሸጡ። ወጣቶቹ መጀመሪያ ሄዱ፤ ፎቅ አይገባቸውም፣ መንደራቸው ጡረተኛ አልተባለምና፤ የሄዱበትን የሚያውቅ የለም። ወይዘሮ አንጓች ከወንድማቸው ልጅ ቤት ጥገኛ ሆኑ። ይታይሽ በየሳምንቱ ዱቄት በሞተር ትጭናለች። አባቷ የመጣውን እኩሌታ ለጎረቤት ይሰጡታል፤ የቀረውንም በወጉ አይበሉትም። ጠዋት ጠዋት ተነሥተው ዳገቱ ላይ ይወጡና ከዘራቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። ምን ያያሉ? የሚታይ ነገር የለም።

“እባክዎ ከኔ ጋር ከተማ እንግባ” አለቻቸው አንድ ቀን። ተንበረከከች። “አባዬ፣ እገሌ አደረገው አልልም። የኔ ጥፋት ነው። እትዬ አንጓችን ያን ዕለት ይመልሱት ብላቸው…”

“ብትያት ትጠላሽ ነበር።”

“ይጥሉኝ ነበራ!”

ሽማግሌው ራሷን ዳሰሱት። “አልተነሣሁም እኮ ልጄ። ያልኩት ሆነልኝ። ምን ያስለቅስሻል?” አሏት። እሷን ለማጽናናት ነበር፤ አንጀቷን ነው የበጠሱት።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተ በሚወርድበት ሰሞን፣ አቶ ልየው ሞቱ። የቀሩት ወንዶች ተሰብስበው ድጅኖ ይዘው ዳገቱ ላይ ወጡ። ብረቱ ድንጋዩን ሲመታ እሳት ተፋ፤ ድንጋዩ አልተፈነከተም። የደብሩ ቄስ ወደታጠረው ግቢ ሄዱ። አጥሩ ላይ ካለው ምሰሶ አንዲት ለስላሳ ድምፅ “ስላጋጠመዎት ኀዘን እናዝናለን፤ ብርቅ አፈር መቆፈር ክልክል ነው” አለቻቸው። ለመኑ። ደግማ አለቻቸው።

“ድንጋይ እንከምርበትና ይቆይ?” አሉ ጋሽ ፈንቴ።

“ዐፈር ነህና ወደ ዐፈር ትመለሳለህ ብዬ አንብቤ፣ ለጅብ ድንጋይ ላይ ልተወው?” አሉ ቄሱ። አፈሩን ገለባ ያድርግለት ሊል አፉን የከፈተ አንድ ሽማግሌ ሳይጨርሰው ዝም አለ።

ይታይሽ ለኤልሻዳይ ደወለች። ከልቡ አዘነላት። በወረዳው ፈቃድ ያለው መቃብር አንድ ብቻ ነው አላት፤ ሰላም ሜዳ ከፎቆቹ ጀርባ ያለው፣ አስከሬን በመሳቢያ የሚገባበት ግድግዳ። መኪናው በነጻ ይመጣል፤ ባለ ብርቅ አፈር መንደር ይህ መብት አለው። ሌላ መንገድ ቢኖር ይነግራት ነበር። አልነበረም።

መኪናው መጣ። አስከሬኑን ሲያነሡ ጋሽ ፈንቴ “ወንድሜ፣ ይቅር በለን” ብለው ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው እስከ ሰሌዳው ድረስ ሸኙ። ከዚያ ወዲያ አባቷን ይዛ ብቻዋን ወረደች። መንገዱ ረጅም ነው፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ኩርባው ላይ ሳጥኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት በሁለት እጇ ያዘችው፤ እስኪደርሱም አልለቀቀችውም።

የሰላም ሜዳ በር ላይ አንድ ዘበኛ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ወደ ኋላ አላየም፤ ለሚገባ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቃት።

“ለመኖር ነው ለጥየቃ?”

ይታይሽ ወደ ሳጥኑ ዞረች። እጇ አሁንም እላዩ ላይ ነበር።

“ለመኖር ነው” አለችው።